ደረጃውን የሠራው ማን ነው?
ስለ አንድ የእጅ ጨዋታና ስለ ማስተማር ጥበብ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ጨዋታ የሚለው ቃል በመምህራን ጉባኤ ላይ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ስሜት ማሳደሩ የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን ጨዋታን የተማሪን ጊዜ የሚሻማ የትምህርት ጠላት አድርጎ ይቈጥረዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ትምህርት ሁሉ በጨዋታ መልክ ቢሰጥ ችግሩ በተቃለለ ነበር ብሎ ያምናል። የዚህ ንግግር ዓላማ ከሁለቱ ለአንዱ መፍረድ አይደለም። በሁለት እጅ መዳፍ ተይዞ በሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ላይ የሚጫወቱትን አንድ እጅግ የተራቈተ የእንቆቅልሽ ጨዋታ አፍታቶ በመመርመር፣ ሠሪው ተጫዋቹን በምን ዘዴ እንደሚያስተምረው ማየት፣ ከዚያም ለመምህርነት ሙያ የሚጠቅመውን ለይቶ ማቅረብ ነው።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ ስሙ «ቶማስ ዎዝ አሎን» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቶማስ ብቻውን ነበር» ማለት ነው። ወደ እርሱ ከመግባት በፊት ግን ስለሚጫወቱበት መሣሪያ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የመሣሪያው ጠባይ የጨዋታውን ጠባይ ይገልጣልና።

በእጅ የሚያዙ የጨዋታ መሣሪያዎች ታሪክ በጥቂት ነገር ብዙ የመሥራት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ጌም ቦይ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ የኩባንያው መሐንዲስ ጉንፔይ ዮኮይ ይከተለው የነበረው መመሪያ አዲስና ውድ የሆነውን ቴክኒክ ትቶ የተለመደውን፣ ርካሹንና ባሕርዩ በሚገባ የታወቀውን መርጦ ላልታሰበ አገልግሎት ማዋል ነበር። የጌም ቦይ ስክሪን በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች ብቻ የነበሩት ሲሆን፣ ከደማቅ እስከ ፈዛዛ ከሚደርሱ አራት መልኮች በስተቀር ሌላ ቀለም አያሳይም ነበር። በዚያን ጊዜ የተነሡት ተፎካካሪዎቹ፣ የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር፣ ባለቀለምና ባለብርሃን ስክሪን ነበራቸው። ነገር ግን በስድስት የባትሪ ድንጋይ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሲሠሩ፣ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከእነርሱ ይልቅ ረዥም ጊዜ ያገለግል ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው ድኻው መሣሪያ ሆነ። ጌም ቦይ ከባለቀለሙ ተከታዩ ጋር በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

በዚህች ጠባብ ስክሪን ላይ ከመደብ ወደ መደብ እየዘለሉ መንገድ የመፈለግ ጨዋታ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1994 ለጌም ቦይ የወጣው «ዶንኪ ኮንግ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን፣ በሳንቲም የሚሠራውን የቀድሞ ጨዋታ አራት ደረጃዎች ያቀርባል። ተጫዋቹ ጨረስሁ ሲል ግን ገና 97 ሌሎች ደረጃዎች ይጠብቁታል። በእነዚህ አብዛኛው ሥራ ቁልፍ ፈልጎ ተሸክሞ ወደ ተቈለፈው በር ማድረስ ነው። ዝላይ የጣት ቅልጥፍና ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማሰብ ሥራ ሆነ ማለት ነው። አስቀድሞ የትኛውን መሰላል፣ በየት በኩል፣ ከምን በኋላ ብሎ ያላሰበ ተጫዋች የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን በሩን አይከፍትም።

«ቶማስ ብቻውን ነበር» ይህንኑ መንገድ ይዞ ከዚያም በላይ የተራቈተ ነው። ሠሪው እንግሊዛዊው ማይክ ቢትል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአንድ የጨዋታ ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ፣ የመጀመሪያውን ንድፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ሠራ። ከዚያም በትርፍ ጊዜው እያሰፋው ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኮምፒዩተር አወጣው። በእጅ ወደሚያዘው የሶኒ ፕሌይስቴሽን ቪታ የገባው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2013 ነው። የቪታ ምርት እ.ኤ.አ. በ2019 ቢቆምም፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ለኒንቴንዶ ስዊችም ተዘጋጅቷል።

በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው ፊት፣ ልብስና እንቅስቃሴ ያላቸውን ሰዎች የሚሥል ቡድን ማሰማራት የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ባለታሪኮቹ ሁሉ ተራ አራት ማዕዘኖች ሆኑ። ዓይን የላቸውም፤ አፍ የላቸውም፤ እጅና እግር የላቸውም። የሚለያዩት በቀለማቸው፣ በቁመታቸውና በስፋታቸው፣ እንዲሁም ማድረግ በሚችሉትና በማይችሉት ነገር ብቻ ነው። ተጫዋቹም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመሄድ፣ ከመዝለልና ከአንዱ አራት ማዕዘን ወደ ሌላው ከመዛወር በስተቀር ሌላ የሚያደርገው ነገር የለውም። በየደረጃው መጨረሻ የእያንዳንዱን ቅርጽ ልክ የያዙ ባዶ ክፈፎች ይገኛሉ። ሁሉም እያንዳንዳቸው በየክፈፋቸው ካልቆሙ ደረጃው አይፈጸምም። አንድ እንኳ ወደ ኋላ ከቀረ የደረሱት ቆመው ይጠብቃሉ።

ቶማስ ቀይና መካከለኛ ቁመት ያለው ሲሆን ዝላዩ ደኅና ነው። ክሪስ ትንሽ ብርቱካናማ ካሬ ነው፤ ከፍ ብሎ መዝለል አይችልም። ነገር ግን ሌሎቹ በማያልፉበት ዝቅተኛ ቀዳዳ ያልፋል። ጆን ረዥምና ቢጫ ነው፤ እንደ ቁመቱ ዝላዩም ከፍተኛ ነው። ክሌር ትልቅ ሰማያዊ ካሬ ናት፤ አካሄድዋ ዘገምተኛ፣ ዝላይዋ ደካማ ነው። ውኃ ለሌሎቹ ጥፋት ሲሆን እርስዋ ግን ትንሳፈፋለች፤ ጓደኞችዋንም በጀርባዋ ተሸክማ ታሻግራለች። ላውራ ሐምራዊ ሮዝና ጠፍጣፋ ናት፤ በላይዋ የዘለለ ሁሉ ወደ ላይ ይወረወራል። አረንጓዴው ጄምስ የመሬት ስበት የተገለበጠበት ነው፤ ሌሎች ወደ መሬት ሲወድቁ እርሱ ወደ ጣሪያ ይወድቃል። ሣራ ደግሞ በአየር ላይ ሳለች ሁለተኛ ጊዜ መዝለል ትችላለች።

በገበጣ ጠጠሮች ሁሉ እኩል ናቸው፤ ዋጋቸውን የሚወስነው ያረፉበት ጉድጓድ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቅርጽ ስምና ጠባይ አለው። ይህንንም የሚሰጠው የተራኪው ድምፅ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊና የመድረክ ሰው ዳኒ ዋላስ የእያንዳንዱን አራት ማዕዘን ሐሳብ ረጋ ባለና ቀልድ በተቀላቀለበት አነጋገር ይተርካል። ክሪስ በቶማስ ዝላይ ይቀናል፤ ጆን ተመልካች በማግኘቱ ደስ ይለዋል፤ ላውራ ጓደኞችዋ ከተገለገሉባት በኋላ ትተዋት እንዳይሄዱ ትሠጋለች። ዋላስ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ከብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ተቀብሏል። አንድ ተጫዋች ለቀለም ቅብ አራት ማዕዘን ሊያዝን መቻሉ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ከማዘኑ በፊት ያንን አራት ማዕዘን ሲረዳና በእርሱም ሲረዳ መቈየቱን ማስታወስ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል። ይህ ጨዋታ ተጫዋቹን እንዴት ያስተምረዋል? መመሪያ መጽሐፍ ይዞ አያስጠናውም። የሚያስተምረው በደረጃዎቹ አደራደር ነው። ጨዋታው 100 ደረጃዎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያዎቹ ከመሄድና ከመዝለል ሌላ የሚጠይቁት ነገር የለም። ቀጥሎ ክሪስ ሲመጣ፣ እርሱ በራሱ ዘልሎ የማይወጣው እርከን ይቀርብለታል። ከአጠገቡ ግን ቶማስ አለ። ተጫዋቹ ቶማስን ከእርከኑ ሥር ያቆምና ክሪስን በእርሱ ላይ ያሳልፋል። ማንም «አንዱ ለሌላው መወጣጫ ሊሆን ይችላል» ብሎ አልነገረውም፤ ግን ዐወቀው። ከዚያ በኋላ በሚመጡት ደረጃዎች ይህ ዕውቀት እንደ ፊደል ሆኖ ያገለግላል። ሦስት ቅርጾች በቁመታቸው ተራ ተሰልፈው ሙሉ መወጣጫ ይሆናሉ፤ ይህ ሲለመድ ክሌርና ውኃው ይመጣሉ፤ ውኃው ሲለመድ ወደ ጣሪያ የሚወድቀው ጄምስ ይመጣና የለመዱትን ሁሉ ይገለብጠዋል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ለመምህር የሚጠቅም አንድ ትክክለኛ ሥርዓት አለ። አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይገባል፤ መጀመሪያ አደጋ በሌለበት ቦታ ይታያል፤ ቀጥሎ ከቀድሞው ዕውቀት ጋር ይጣመራል፤ በመጨረሻም የቀድሞው ዘዴ ብቻውን የማይበቃበት ጥያቄ ይቀርባል። ይህን በሰሌዳና በጠመኔ ብቻ መሥራት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል የክፍልፋይ ድመራን የሚያስተምር መምህር በመጀመሪያ አንድ አምስተኛንና ሁለት አምስተኛን ያስደምራል፤ ታሕታቸው አንድ ነውና ተማሪው አይቸገርም። ቀጥሎ ምንም ሳይናገር አንድ ሁለተኛንና አንድ አራተኛን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ግማሽ ሁለት ሩብ መሆኑን ከቤቱ ይዞ የመጣ ልጅ፣ አንዱን ወደ ሌላው መልሶ ሦስት አራተኛን ያገኛል። ከዚያም አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ይቀርባሉ። አሁን አንዱን ወደ ሌላው መመለስ አይቻልም፤ ሁለቱም የሚመለሱበት ሦስተኛ ታሕት መፈለግ አለበት። መምህሩ ስለ ጋራ ታሕት የሚናገርበት ትክክለኛው ሰዓት ይህ ነው። ደንቡን ከጥያቄው በፊት ከተናገረው ተማሪው ደንቡን ይሸመድዳል፤ ከጥያቄው በኋላ ከተናገረው ግን ተማሪው ሲፈልገው የነበረውን ነገር ይቀበላል።

ደረጃን ማሳነስ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1950ዎቹ ዓመታት የማስተማሪያ ማሽን ሠርቶ፣ ትምህርት በጥቃቅን እርምጃዎች ተከፋፍሎ እንዲቀርብ ተከራክሮ ነበር። ነገር ግን የስኪነር ሐሳብ እርምጃው እጅግ ትንሽ ሆኖ ተማሪው ከቶ እምብዛም እንዳይሳሳት ማድረግ ነበር። እዚህ የተነሣው ጨዋታ ግን በዚህ ላይ ከእርሱ ይለያል። ተጫዋቹ እንዲሳሳት ይፈቅዳል፤ ስሕተቱን የትምህርቱ አንድ ክፍል ያደርገዋል። የሚጠነቀቀው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ስሕተቱ ዋጋ ነው።

ቶማስ ከሹል እሾህ ላይ ቢወድቅ ወይም ጆን ውኃ ውስጥ ቢገባ ይጠፋል። ነገር ግን ወዲያው ቀደም ሲል በደረሰበት ቦታ ተመልሶ ይቆማል። የሚቀነስበት ነጥብ የለም፤ የሚቈጠርበት ሕይወት የለም፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምር የሚለውም የለም። በሳንቲም ይሠሩ የነበሩት የቀድሞ ጨዋታዎች ውድቀትን የሚያስከፍሉት ሌላ ሳንቲም ለማግኘት ነበር። ለዚህ ግን የወደቀው ተጫዋች የሚጠቅመው ተመልሶ ሲሞክር ነው። ውድቀት ርካሽ ሲሆን ሙከራ ይበዛል፤ ሙከራ ሲበዛም ዕውቀት ይከተላል።

ከዚህ አንጻር ወደ ትምህርት ቤት ሲዞሩ ነገሩ ይከብዳል። በትምህርት ቤት የአንዲት ውድቀት ዋጋ አንድ ዓመት ነው፤ ክፍል መድገም ማለት ይኸው ነው። ከዚያም ሲያልፍ ዋጋው የዕድሜ ልክ ይሆናል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ መሆናቸው ጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጠ ጊዜ፣ በየቤቱ የነበረው ድንጋጤ የሚረሳ አይደለም። ፈተናው ልጁ መውደቁን ተናገረ፤ የወደቀው ከየትኛው እርከን ላይ እንደሆነ ግን አልተናገረም። በሰባተኛ ክፍል ያልገባው የክፍልፋይ ሕግ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል በአልጀብራ መልክ ተመልሶ ሲመጣ፣ ያቺን የጎደለች እርከን ማንም አያያትም። የሚታየው የወደቀው ልጅ ብቻ ነው።

የጨዋታ ሠሪዎች ሙያ በዚህ ረገድ አንድ የሚያስቀና ልማድ አለው። አንድ ደረጃ ተሠርቶ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ያላዩት ሰዎች እንዲጫወቱት ይደረጋል፤ ሠሪውም አጠገባቸው ሆኖ ዝም ብሎ ይመለከታል። ብዙዎቹ ከአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ሠሪው «እነዚህ ተጫዋቾች ሰነፎች ናቸው» ብሎ አይደመድምም። መደቡን ዝቅ ያደርጋል፤ እሾሁን ያርቃል፤ ወይም ከዚያ በፊት አንድ ቀላል ደረጃ ይጨምራል። ጥያቄው «ማን ወደቀ?» ሳይሆን «ደረጃውን የሠራው ማን ነው?» ይሆናል። በአማርኛ ደረጃ የሚለው ቃል የሚወጣበትን እርከንም፣ ሰው የሚሰለፍበትን ማዕረግም አንድ ላይ ይዟል። ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ትርጕም ይዞ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሃምሳኛ እያለ ልጆችን ይደረድራል። የመምህር ዋና ሥራ ግን በመጀመሪያው ትርጕም ነው፤ ልጆችን ሳይሆን እርከኖችን መደርደር ነው።

በዚህ ላይ ከአባላት መካከል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል ይገመታል፤ ተገቢም ነው። አንደኛ፣ ጨዋታው ቀላል ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች በጥቂት ሰዓታት ይጨርሰዋል። ብዙዎቹ ቅርጾች በአንድነት ሲገኙ እያንዳንዱን በዚያው መወጣጫ አንድ በአንድ ማውጣት መልሱ ከታወቀ በኋላም የሚያሰለች ድካም ነው። ይህ እውነት ነው፤ ለመምህርም ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ተማሪው ዘዴውን ካወቀ በኋላ ያንኑ ዓይነት ሃያ ጥያቄ መስጠት እጅን ያለማምዳል እንጂ አእምሮን አያሳድግም። ሁለተኛ፣ እንቆቅልሽ ሁሉ ሠሪው ያሰበለት መውጫ በር አለው፤ በዓለም ላይ ግን በር የሌላቸውና መልሳቸው ያልታወቀ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ይህም እውነት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው አደራደር ለመሠረታዊ ዕውቀት እንጂ ለትምህርት ሁሉ ይበቃል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ አንድ የጨዋታ ሠሪ ተጫዋቾቹ በየራሳቸው ፍጥነት ሲሄዱ፣ መምህር ግን ስድሳና ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል ይዞ ለእያንዳንዱ እርከን ሊሠራ አይችልም የሚለው ነው። ለዚህ ጨዋታው ራሱ ከፊል መልስ አለው። በውስጡ ረዥሙ አጭሩን የሚረዳው ስለ ደግነቱ ብቻ አይደለም፤ አጭሩ ካልደረሰ ረዥሙም አይደርስምና ነው። ደግሞም ረድኤቱ በአንድ ወገን አይቀርም። ጆን ሁሉን በዝላዩ ሲበልጥ፣ በጠባቧ ቀዳዳ ገብቶ መንገዱን የሚከፍትለት ትንሹ ክሪስ ነው፤ በውኃው ላይ የሚያሻግረውም ደካማ ዘላይ የሆነችው ክሌር ናት። በብዙ ልጆች ክፍል የመምህሩ ብልኀት የቡድን ሥራ ብሎ ማሰለፍ ሳይሆን፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይፈጽመውን ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። ጎበዙ ብቻውን የሚሠራውን ጥያቄ ለቡድን መስጠት ለጎበዙ ሸክም፣ ለሌሎቹ ዕረፍት ይሆናል። ላውራ የፈራችውም ይህን ነበር፤ መወጣጫ ሆኖ ቀርቶ መረሳት።

የጨዋታው ፍጻሜ ለዚህ ሙያ ሰዎች የቀረበ ይመስላል። ታሪኩ እነዚህ አራት ማዕዘኖች በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ድንገት ራሳቸውን ያወቁ ፍጥረቶች መሆናቸውን ይገልጣል። በመጨረሻ ቶማስና ጓደኞቹ ራሳቸው ከማምለጥ ይልቅ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት መንገድ ማበጀትን ይመርጣሉ፤ ከመድረኩም ይወጣሉ። በኋለኞቹ ደረጃዎች የሚጓዙት ስማቸው ሌላ የሆነ ግራጫ ቅርጾች ናቸው። እነዚህም በቀለም ምልክት ውስጥ ሲያልፉ የቀደሙትን ችሎታ ይወርሳሉ፤ በሰማያዊው ሲያልፉ እንደ ክሌር ይንሳፈፋሉ፤ በአረንጓዴው ሲያልፉ እንደ ጄምስ ወደ ጣሪያ ይወድቃሉ። ቶማስን ፈጽሞ አላዩትም፤ ነገር ግን በዝላዩ ይዘላሉ።

መምህርም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ተማሪው የሚሄድበትን በር እርሱ አይገባበትም፤ የሚቀረው ያበጀው እርከን ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ለአባላቱ ሊያሳስብ የሚገባው ጨዋታ ወደ ክፍል ይግባ አይግባ የሚለውን ክርክር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ መምህር በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ከሚያስተምረው ትምህርት ብዙ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሰናከሉባትን አንዲት ቦታ ለይቶ፣ ከእርስዋ በፊት የጎደለችውን አንዲት እርከን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለባልደረቦቹ እንዲያካፍል ነው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወጪም የለበትም። ያቺ እርከን ከተሠራች በኋላ የሚወጣባት ልጅ ማን እንደሠራት ላያውቅ ይችላል። ላይ መድረሱ ግን ይበቃል።